ጃፓን፦ «3 ሜትር ሱናሚ» ተብሎ 1.3 ሜትር ሲመጣ ማስጠንቀቂያውን እንዴት እንረዳው?

የሰንዳዩ ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2025 በሩሲያ ካምቻትካ አጠገብ መጠኑ 8.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ የጃፓን ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በጃፓን ሰዓት ጠዋት በ8:37 ማሳሰቢያ (ዝቅተኛውን ደረጃ)፣ በ9:40 ደግሞ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ እስከ 3 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል አስታወቀ። ቀኑን በመጠለያ አሳለፍን፤ ከፍተኛው የተለካው ግን በኢዋቴ ግዛት ኩጂ ወደብ 1.3 ሜትር ነበር። አብረውኝ የሚማሩ አንዳንድ ልጆች «ሁልጊዜ ያጋንናሉ» ይላሉ። ቁጥሩን እንዴት ልረዳው? ወደፊት 1 ሜትር ብቻ ቢባልስ መውጣት ይኖርብኛል?

ሞገድ አጥኚ፦
ማጋነን የሚመስለው ጥንቃቄ የመጣው ከተቃራኒው ስሕተት ነው። ማርች 11 ቀን 2011 በ14:46 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ ኤጀንሲው ማስጠንቀቂያውን ያወጣው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፈጣኑ ስሌት ግዙፍ መንቀጥቀጥን አሳንሶ የማየት ባሕርይ ስላለው መጠኑን 7.9 ብቻ አድርጎ ገመተ፤ በኋላ የታወቀው 9.0 ነው። በዚህም ምክንያት ለሚያጊ ግዛት 6 ሜትር፣ ለኢዋቴና ለፉኩሺማ ግዛቶች 3 ሜትር ተብሎ ተነገረ። በ15:14 ትንበያው ለሚያጊ ወደ 10፣ ለሁለቱ ደግሞ ወደ 6 ሜትር ከፍ ቢልም፣ መብራት በመጥፋቱ ብዙ ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነበር። ከዚህም የከፋው፣ በኢዋቴ ግዛት ኦፉናቶ ከተማ የመጀመሪያው ሞገድ 20 ሴንቲ ሜትር መሆኑ መነገሩ አንዳንዶችን አዘናግቷል፤ ኋላ የመጣው ውኃ ግን ከ8 ሜትር በላይ ነበር።

ከ2013 ጀምሮ አሠራሩ ተለውጧል። መጠኑ ከ8 በላይ ሊሆን የሚችል መንቀጥቀጥ በአቅራቢያ ሲደርስና መጠኑ ገና በትክክል ሳይታወቅ፣ በሜትር ፋንታ «ግዙፍ» ወይም «ከፍተኛ» የሚል ቃል ይነገራል። የመጀመሪያው ሞገድ ከተተነበየው እጅግ ካነሰም ቁጥሩ ሳይገለጽ «በመለካት ላይ» ይባላል። «3 ሜትር» ራሱ ከ1 እስከ 3 ሜትር ላለው ደረጃ የተሰጠ የላይኛው ጣሪያ ስለሆነ፣ 1.3 ሜትር ከዚያ ውስጥ ነው፤ ትንበያው ስቷል ለማለት ያስቸግራል።

ዮኮሃማ ነዋሪ፦
ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ የሕዝቡ መሰላቸት ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን በሂዮጎ ግዛት ታምባ 41.2 ዲግሪ ሙቀት ተመዝግቧል፤ አዛውንት በእንዲህ ያለ ፀሐይ ኮረብታ ላይ ለሰዓታት እንዲቆዩ ሲጠየቁ በሚቀጥለው ጊዜ ቢያመነቱ አልፈርድባቸውም። እኔ የምወቅሰው ማስጠንቀቂያውን ሳይሆን ጥላና ውኃ ያልተዘጋጀላቸውን መሸሻ ቦታዎች ነው።

ሞገድ አጥኚ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሰዓቱ የረዘመበትም ምክንያት አለ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሱናሚ ከየባሕር ዳርቻው እየነጠረ ስለሚመላለስ ትልቁ ሞገድ ከመጀመሪያው ብዙ ሰዓት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። በኩጂ 1.3 ሜትር የተለካውም የመጀመሪያዎቹ ሞገዶች ሰሜናዊቱ ደሴት ሆካይዶ ከደረሱ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው።

የካናዛዋ እናት፦
ልጄ፣ ስለ 1 ሜትሩ ልመልስልህ። የተለመደው የባሕር ሞገድ መጥቶ ይመለሳል፤ ሱናሚ ግን ባሕሩ ራሱ ከፍ ብሎ ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ የሚገፋበት ስለሆነ፣ ጉልበት ድረስ የማይሞላ ውኃም ቢሆን ሰውን ይጥላል። እስከ 1 ሜትር ድረስ የሚወጣው ማሳሰቢያ ነው፤ ትርጉሙም ከባሕሩ ውስጥና ከዳርቻው ወዲያው ውጣ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማስጠንቀቂያ፣ ከ3 ሜትር በላይ ሲሆን ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ በቴሌቪዥኑ ካርታ ላይ በቅደም ተከተል ቢጫ፣ ቀይና ሐምራዊ ናቸው። ከካምቻትካ ሲመጣ የማሰቢያ ሰዓት ነበራችሁ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በኖቶ ልሳነ ምድር መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ውኃው አንዳንድ ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ደርሷል፤ ስለዚህ ባሕር አጠገብ ሆነህ ኃይለኛ ወይም ረጅም ንዝረት ከተሰማህ ስልክህ እስኪጮህ አትጠብቅ። ሳትዋኝ ባሕር ዳር ብትሆንም፣ ቀይና ነጭ ዳማ ያለበት ባንዲራ ሲውለበለብ ካየህ የሱናሚ ምልክት ነው።