ብዙ ቁጥርና ያቺ ጭረት፦ «ፒስ ኤንድ ኪውስ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ በእንግሊዝኛ ድርሰቷ ላይ «ሲዲዎች» ለማለት ከኤስ በፊት አፖስትሮፍ (ከላይ የምትቀመጠዋን ' ጭረት) አስገብታ መምህሯ በቀይ ሰረዘችባት። «1990ዎቹ» ላይም እንደዚሁ። ማታ አብረን ስናነብ ደግሞ «ማይንድ ዩር ፒስ ኤንድ ኪውስ» የሚል አባባል አገኘን፤ እዚያ ላይ ጭረቷ ቁጭ ብላለች! «ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። አባባሉስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ደህና አድርጋ ነው የጠየቀችው። አባባሉ ቃል በቃል «ፒዎችሽንና ኪውዎችሽን (ፒና ኪው የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት) ልብ በይ» ነው፤ ቁም ነገሩ ግን እኛ «አደብ ግዢ» የምንለው ነው፤ እናት እንግዳ ቤት ሊገቡ ሲሉ በልጇ ጆሮ የምትለው። ስለ አመጣጡ ብዙ ይባላል፤ የተረጋገጠ የለም።

አፖስትሮፍ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትገባ ሥራዋ የወደቀ ፊደል መኖሩን ማሳየት ነበር። ገጣሚዎቻችን «የአገሬ»ን «ያ'ገሬ» ብለው ሲጽፉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ት/ቤት» ላይ ያለችው እዝባርም የተዋጡትን ፊደላት ቦታ ትጠብቃለች። በእንግሊዝኛ የባለቤትነቷ ጭረት እንኳ የጥንቱ አገናዛቢ ቅጥያ አናባቢው ወድቆ የቀረች ናት።

ሲዲ ሲበዛ ግን ምን ወደቀ? ምንም። እኛ «ሲዲዎች»፣ «1990ዎቹ» ስንል በመሃል አንዳች ነገር አናስገባም፤ የእነሱም ኤስ እንደ እኛ «ዎች» ናት፣ በቀጥታ ትለጠፋለች። 19ን ጥለው 90ን ብቻ ሲጽፉ ግን ከፊት ጭረት ያደርጋሉ፤ 19 ወድቋላ! ልጅሽን ግን አትውቀሻት፤ ኒውዮርክ ታይምስ ራሱ ለረጅም ዘመን ዓመታቱን በአፖስትሮፍ ያበዛ ነበር፤ በድሮ ጽሑፎች ላይ ደጋግማ ታገኘዋለች።

ፒና ኪው የተለዩት ነጠላ ትንንሽ ፊደላት ስለሆኑ ነው። ትንሿ «ኤ» ኤስ ብትከተላት «አዝ» ተብላ ትነበባለች፣ «አይ»ም «ኢዝ» ትሆናለች፤ ሁለቱም ሌላ ቃል ናቸው። ጭረቷ እዚያ የገባችው ለዓይን ብላ ነው። ሲዲ በትልልቅ ፊደል ስለሚጻፍ ትንሿ ኤስ ራሷን ችላ ትታያለች። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህን ልዩነት ቶሎ አናስተውለውም።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አሁን ገባኝ። «የኤንጂኦዎቹ ቢሮ» ብንልስ?

መልስ፦ እዚያ ጭረት ያስፈልጋል፤ ባለቤትነት አለበት። የአንድ ኤንጂኦ ቢሮ ከሆነ ከኤስ በፊት፣ የብዙዎች ከሆነ ከኤስ በኋላ። ሲነገር ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ አንባቢው ቢሮው የስንት ድርጅት እንደሆነ የሚያውቀው በጭረቷ ቦታ ብቻ ነው።