የቲቢ ምርመራዬ ፖዘቲቭ ሆነ፣ መድኃኒቱን ልጀምር ወይስ የደም ምርመራ ልጠይቅ?

ሰላም፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሰራው እና ለሰራተኛ በሚደረገው የቲቢ ምርመራ ክንዴ ላይ የተወጋሁት 12 ሚሊሜትር አብጦ ፖዘቲቭ ነሽ ተባልኩ። ሳል የለኝ፣ የሌሊት ላብ የለኝ፣ ኪሎ አልቀነስኩ፣ ራጅም ተነስቼ ሳንባሽ ንጹህ ነው ብለውኛል። ግን በልጅነቴ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ተከትቤያለሁ፣ ክትባቱ ደግሞ የቆዳውን ምርመራ ሊያሳስት ይችላል የደሙን ግን አይነካም፣ ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን በደም አላዩኝም? አሁን ሪፋምፒሲን 4 ወር ዋጪ ተብያለሁ፣ እኔ ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒን ነው የምወስደው፣ ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል፣ ይሄን ማንም አልጠየቀኝም እኮ! ድብቅ ቲቢ (ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ኖሮ ግን ሳያሳምም ሲቀር) ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አለቃዬ ግን ቤት ቅሪ እያለችኝ ነው። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ባካችሁ፣ መጀመሪያ የደሙን አሰሩልኝ ብል ያስኬዳል? ወይስ መከላከያዬን ልቀይር?