ብርጭቆ የሚመስለው የብረት ዝቃጭ አልለሰልስ አለኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ወገኖች። ብረት ሲቀልጥ የሚወጣው ዝቃጭ፣ ቀዝቅዞ ብርጭቆ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ አይደል? ጓደኛዬ ሁለት ኪሎ ያህል ሰጠኝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተደባለቀበት። ኦፓል (የከበረውን ድንጋይ) ከመንካቴ በፊት በሱ እጄን ላፍታታ ብዬ በግራይንደር ቆረጥኩት። ግማሹ ተሰነጠቀ። የተረፈውን በብርጭቆ ወረቀት ብፈትግ ብፈትግ ጭጋግ እንደለበሰ ቀረ። ሲርስ ያበራል፣ ሲደርቅ ድብዝዝ ይላል። ምን አጠፋሁ?

የደላንታው፦ በደረቁ ነዋ የቆረጥከው! ዲስኩ የነካው ቦታ ይግላል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው፣ ከዚያ ጧ። የሴራሚክ መቁረጫዋን፣ ከስሯ ውሃ የምትይዘዋን ተከራይ። አትግፋው፣ ዲስኩ ራሱ ይብላው። ግራይንደሩ ላይ ግን ውሃ እንዳታፈስ፣ ኮረንቲ ይይዝሃል።

ሸዋ በር፦ ጭጋጉ የብርጭቆ ወረቀቱን ቁጥር ስለዘለልክ ነው፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው በተራ ሂድ። 220፣ 400፣ 600፣ 1200፣ ካገኘህ 2000። መኪና ቀለም ቀቢዎች የሚሠሩበትን ጥቁሩን ወረቀት ግዛ፣ በውሃ ነው የሚሠራው። ቁጥር በቀየርክ ቁጥር አቅጣጫህንም ቀይር፣ የድሮው ጭረት ካለ ይታይሃል። ድንጋዩንም እጅህንም ታጠብ፤ አንዲት የ220 ቅንጣት 1200 ላይ ከገባች ልፋትህ ገደል ገባ። ደግሞ እርጥቡን አትመን፣ ውሃው ጭረቱን ሞልቶ ይሸፍነዋል። አድርቀህ መብራት ስር አጋድመህ እየው። መጨረሻ ላይ ሴሪየም ኦክሳይድ (ብርጭቆ ማብሪያ ዱቄት ነው) እንደ ቀጭን አጥሚት በጥብጠህ በቆዳ ላይ እሸው።

እህታችሁ ከሆጤ፦ ማስክና መነጽር የሚል ሰው የለም እንዴ? ዝቃጩ ውስጥ እርሳስ ይኑር ምን ይኑር አይታወቅም። ወንድሜ፣ ማድ ቤት ውስጥ እንዳትሠራው። ጭቃውንም ሲንክ ውስጥ አትድፋ።

ጠያቂ፦ ኧረ ተባረኩ። ትናንሽ ቀዳዳዎቹስ?

የደላንታው፦ ሲቀልጥ የያዘው አረፋ ነው። አንዱን ፈትገህ ስታጠፋ ሌላው ይከፈታል፣ ስለዚህ ንጹሑን ክፍል ምረጥ። ኦፓል ላይ ስትደርስ ደግሞ የወሎው ውሃ ይጠጣል። ቀለሙ ቢጠፋ አትደንግጥ፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ቀለም ያለው ማለስለሻ ግን አታስነካው፣ ይመጠዋል። እኔ ቸኩዬ በፀጉር ማድረቂያ ላደርቅ ብዬ ጥሩዋን ፍሬ ለሁለት ከፈልኳት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጠያቂ፦ አሁን አንዷን አድርቄ መብራት ስር አየኋት። ጭረቱ እንደ ማበጠሪያ ተደርድሯል! በቃ፣ ከ220 እንደገና።