አስቸኳይ፦ የዳር ዌሎች ምስል እየደበዘዘ ነው፣ ማሽኑ ፎከስ አይዝም

ሴል_ቆጣሪዋ
ሰላም ወገን፣ ከሱሉልታ ነኝ። አውቶማቲክ ማይክሮስኮፑ ከጠዋት ጀምሮ የዳር ዌሎችን (የፕሌቱን ዳር ጉድጓዶች) እያደበዘዘ ነው፣ «አውቶፎከስ አልተሳካም» ይልና ዘሎ ያልፋል። መሃሉ ጥርት ያለ ነው። ሄፕጂ2 (የጉበት ካንሰር ሴል)፣ ባለ 96 ዌል ፕሌት፣ ሆክስት (ኒውክሊየስን በሰማያዊ የሚያበራ ቀለም)። ዜድ ፕራይሙ (የሙከራው ጥራት መለኪያ) 0.1 ገብቷል። ማታ 6 ፕሌት መነበብ አለበት፣ የምታውቁ በፈጠራችሁ!

ፒፔት_ወዳጅ
ኦብጀክቲቩን አጽጂ። የሌንስ ወረቀት በትንሽ አይሶፕሮፓኖል አርሰሽ ከመሃል ወደ ዳር።

ማታ_ፈረቃ
መብራት ሄዶ ነበር? ሄዶ ከነበረ መልሱ ታወቀ፣ ሻይ ጠጪ 😄 የምሬን ግን፣ መብራት በድንገት ከተቋረጠ ስቴጁ (ፕሌቱን የሚያንቀሳቅሰው መድረክ) መነሻ ቦታውን ይስታል። ማሽኑን አጥፍተሽ አብሪው፣ መነሻውን እንደገና ይፈልግ።

ሴል_ቆጣሪዋ
መብራት አልሄደም። ኦብጀክቲቩም ጸድቷል።

አንጋፋው
ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚል እንይ። ዜድ ፕራይም ከ1999 ጀምሮ የምንጠቀምበት መለኪያ ነው። የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ኮንትሮል (የማነጻጸሪያ ዌሎች) ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይደመራል፣ በ3 ይባዛል፣ በሁለቱ አማካይ ልዩነት ይካፈላል፣ ውጤቱ ከ1 ይቀነሳል። ከ0.5 በላይ ጥሩ ነው፣ ከ0 በታች ከሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም። አሁን ልብ በይ፦ አብዛኛው ሰው ኮንትሮሎቹን ዓምድ 1 እና 12 ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንቺም እንደዚያ ካደረግሽ፣ የደበዘዙት እነሱው ናቸው። ሶፍትዌሩ የደበዘዘ ኒውክሊየስ አጎራባቹን ጨምሮ አንድ አድርጎ ይቆጥራል፣ ወይም ጭራሽ አያየውም። ስለዚህ 0.1 ያመጣው ፎከሱ ሊሆን ይችላል። አሴዩ (ሙከራው) ተበላሸ ብለሽ መድኃኒቶቹን እንዳትጥዪ።

ሴል_ቆጣሪዋ
አዎ ጋሼ፣ ኮንትሮሎቹ 1 እና 12 ላይ ናቸው።

ኤምቲቲ_ይበቃል
ለምን ኢሜጂንግ ውስጥ ትገቢያለሽ? ሴሉ ሞተ ወይስ አልሞተም ለማለት ኤምቲቲ (ሕያው ሴል ወደ ሐምራዊ የሚቀይረው ቀለም) እና ፕሌት ሪደር ይበቃል። በግማሽ ቀን ትጨርሻለሽ።

ሴል_ቆጣሪዋ
የምሞክረው የዕፅዋት ጭማቂ ነው። ፖሊፌኖል ያለው ጭማቂ ሴል በሌለበት ዌል ውስጥም ኤምቲቲን ራሱ ወደ ሐምራዊ ይቀይረዋል። የሞተው ሕያው ይመስላል።

ኤምቲቲ_ይበቃል
ሴል የሌለው ኮንትሮል አድርጊና ቀንሺዋ!

አንጋፋው
መቀነሱ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ሴሉ ራሱ ጭማቂውን ስለሚያስገባውና ስለሚለውጠው። ግን ለኢሜጂንጉም ማስጠንቀቂያ አለ፦ ብዙ ጭማቂ በሆክስት ቻናል ራሱ ያበራል። ያለ ቀለም፣ ከጭማቂ ጋር ብቻ የሆኑ ዌሎች አንሺ። የሚያበራ ከሆነ ሩቅ ቀይ የሚያበራ የኒውክሊየስ ቀለም፣ ለምሳሌ ድራክ5፣ ተጠቀሚ።

ፒፔት_ወዳጅ
ኦብጀክቲቩን በደንብ አጽጂው እንጂ፣ የእኔም እንዲህ ነበር።

ሰንዳፋ_ላብ
እህቴ፣ የደበዘዘው በአንድ ጎን ነው ወይስ በአራቱም? ይህ ነው ቁልፉ። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ፕሌቱ መያዣው ላይ አዘንብሏል። 180 ዲግሪ አዙሪና ኤ1 (የመጀመሪያው ዌል) የኤች12ን (የመጨረሻውን) ቦታ ይያዝ። ድብዘዛው ከፕሌቱ ጋር ከዞረ ፕሌቱ ነው፣ ባለበት ከቀረ ስቴጁ ነው። እዚህም እዚያም የተበተነ ከሆነ የጣት አሻራ ወይም ጤዛ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ፕሌት ሥሩ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ፎከስ የሚፈልገው ሌዘርም ከጤዛው ላይ ይነጥራል። 30 ደቂቃ ክዳኑን ሳታነሺ አስቀምጪው፣ ከዚያ ሥሩን በ70 ፐርሰንት ኢታኖል ጥረጊ።

ሴል_ቆጣሪዋ
አራቱም ጎን። ፕሌቱ አዲስ ነው፣ የድሮው አልቆ ተራ የካልቸር ፕሌት ነው የተሰጠን።

ማታ_ፈረቃ
ይኸው ወጣ! ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን እኮ ሻይም ሳንጠጣ እንጨርስ ነበር።

ሰንዳፋ_ላብ
የኢሜጂንግ ፕሌት ሥሩ ስስ ነው፣ ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የተራው ፖሊስታይሪን ግን 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ቅርጹም ወደ ዳር ይጎብጣል። ማሽኑ ፎከስ የሚፈልገው በአሮጌው ፕሌት ልክ ነው፣ መሃሉ በዕድል ገባ፣ ዳሩ ግን ከሌዘሩ የፍለጋ ክልል ወጣ። ለዛሬ ማታ፦ ሶፍትዌሩ ላይ ለዚህ ፕሌት አዲስ መግለጫ ክፈቺ፤ የሥሩን ከፍታ በአራቱ ማዕዘንና በመሃል ለኪና አስገቢ። የፍለጋውን ክልል አስፊ፣ ፎከሱም በየዌሉ ይፈለግ። ከ20 ወደ 10 እጥፍ ኦብጀክቲቭ ውረጂ። ኒውክሊየስ ለመቁጠር ይበቃል፣ የጥልቀት ክልሉም ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ይምራል። ያም ካልያዘ በየዌሉ 5 ንብርብር በ5 ማይክሮን ልዩነት አንሺና ከፍተኛውን ብርሃን አዋህጂ። ጊዜ ይበላል ግን ያድናል። በ20 እጥፍ የምታነሺውን በስስ ፕሌት ድገሚ።

አንጋፋው
ትክክል ነው። ግን ፎከሱ ከተስተካከለ በኋላም የዳሩ ቁጥር ከመሃሉ ካነሰ፣ ያ ትነት ነው። በበጋ ደረቅ አየር ዳሩ ቶሎ ይደርቃል። የዳር ዌሎችን በሚዲያ (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ብቻ ሙሊና ኮንትሮሎቹን ወደ ዓምድ 2 እና 11 አምጪ። ሴል ከዘራሽ በኋላ ደግሞ ወዲያው ኢንኩቤተር ውስጥ አትክተቺ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይረጋ፣ ሴሉ እኩል ይሰፍራል።

ሰንዳፋ_ላብ
የሱሉልታ ብርድ ላይ ጠረጴዛው ሴሉን እንዳያቀዘቅዘው ብቻ። ሚዲያውን 37 ዲግሪ አሙቂ። ኢንኩቤተሩንም አትርሱት፦ 2500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ስለሆነ 5 ፐርሰንት ካርቦንዳይኦክሳይድ 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰጣል፣ ባሕር ጠለል ላይ ግን 38 ነው። ሚዲያው ወደ አልካላይ ይሄዳል። ዲሜም (DMEM) የሚባለው ሚዲያ 44 ሚሊሞላር ባይካርቦኔት ስላለው ይብሳል፣ ቀለሙ ወደ ሮዝ ሲያዘነብል ታዪዋለሽ። ካርቦንዳይኦክሳይዱን ወደ 6.8 ፐርሰንት ከፍ ማድረግ ይሻላል፣ ግን ሴንሰሩ የሚያነበውን ሳታምኚ የሚዲያውን ፒኤች ለኪ።

ፒፔት_ወዳጅ
ኦብጀክቲቩ...

ማታ_ፈረቃ
😂😂 እሱን ነው ያልጠረግሽው!

ገላን_ሴል
ከርዕሱ ወጣሁ ይቅርታ፣ ስስ ሥር ያለው ፕሌት እዚህ አገር የሚያስመጣ አለ? ወይስ ሁላችሁም ከውጭ ራሳችሁ ነው የምታዙት? በካርቶን ስንት ነው?