ዝግመተ ለውጥ ስንቴ ተቀያየረ? መቀያየሩስ ድክመት ነው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላንሳ፣ ሳንሰዳደብ እንነጋገርበት። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ በ1809 ቀጭኔ ቅጠል ለመድረስ ስትንጠራራ አንገቷ ረዘመ፣ ልጆቿም ወረሱት አለ። ተሳስቷል ተባለ። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን አወጣ፣ እሱም ስለ ውርስ ያሰበው ስህተት ነው ተባለ። ከዚያ ሜንዴል፣ ከዚያ ሌላ። ነገም ሌላ ይመጣል። እንዲህ የሚዋልል ነገር ለተማሪ እንደ ተረጋገጠ እውነት መሰጠት የለበትም፣ አቋሜ ይኸው ነው።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ደባልቀሃል። ዝርያዎች ከጋራ ቅድመ አያት ተነስተው እየተለያዩ መጡ የሚለው አንድ ነው። ይህ የሆነው በምን መንገድ ነው የሚለው ሌላ ነው። ከዳርዊን ወዲህ ብዙ የተሻሻለው ሁለተኛው ነው። ላማርክም ቢሆን መንገዱን ሳተ እንጂ ዝርያዎች ይለወጣሉ ማለቱ ትክክል ነበር።

ውርሱ ላይ ግን እውነትህን ነው፣ ዳርዊን እዚያ ላይ ክፍተት ነበረበት። በዘመኑ የእናትና የአባት ባሕርይ እንደ ቀለም ተደባልቆ ወደ ልጅ ይተላለፋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1867 ፍሌሚንግ ጄንኪን የተባለ መሐንዲስ ይህንን ይዞ ሞገተው። ክርክሩ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ጠቃሚ ለውጥ ይዞ የተወለደ አንድ እንስሳ ለውጡ ከሌላቸው ጋር ሲዋለድ፣ ያ ለውጥ በየትውልዱ በግማሽ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፣ ታዲያ የተፈጥሮ ምርጫ፣ ማለትም ጠቃሚ ባሕርይ ያለው በተሻለ ተርፎ የሚራባበት ሂደት፣ ምኑን ይመርጣል? ዳርዊን አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። በ1868 ያቀረበው የውርስ ሐሳብም ስህተት ሆኖ ተገኘ።

መልሱ ግን ጄንኪን ከመጻፉ ከአንድ ዓመት በፊት ታትሞ ነበር! ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ ሐምራዊና ነጭ አበባ ያላቸውን አተሮች አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። እነሱ ራሳቸውን በራሳቸው ሲያራቡ ደግሞ ከአራቱ አንድ ያህሉ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ነጩ ተደብቆ ቆየ እንጂ አልተበረዘም። ይህ ሥራ እስከ 1900 ድረስ ልብ ሳይባል ቆየ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ታሪክ ወዳዱ፦ መምህርት የዘለሏት ነገር አለች። ሜንዴል በ1900 እንደገና ሲገኝ መጀመሪያ ዳርዊንን የሚያፈርስ ነው የመሰለው። ሜንዴል ያሳየው ወይ ሐምራዊ ወይ ነጭ ነው፣ ዳርዊን ደግሞ ጥቂት በጥቂት የሚሄድ ለውጥ ነበር የሚለው። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ተናቆሩ። በ1918 ሮናልድ ፊሸር ብዙ ዘረመሎች አንድ ላይ ሲሠሩ እንደ ቁመት ያለ ቀስ በቀስ የሚለያይ ባሕርይ እንደሚወጣ በሒሳብ አሳየ። ከዚያ በኋላ ነው እርቁ የወረደው።

ሌላው የምድር ዕድሜ ነው። በ1862 ሎርድ ኬልቪን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ምድር ከቀለጠችበት ተነስታ ስትቀዘቅዝ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ አሰላና ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት አለ። ኋላ ላይ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ወደሚል አወረደው። ጥቂት በጥቂት ለሚሄደው የዳርዊን ለውጥ ይህ ጊዜ አይበቃም፣ በጣምም ጨንቆት ነበር። የሳተው ግን ኬልቪን ሆኖ ተገኘ። በ1895 ጆን ፔሪ፣ የራሱ የኬልቪን የቀድሞ ረዳት፣ ስሌቱ ስለ ምድር ውስጠኛ ክፍል የተሳሳተ ግምት እንደያዘ ጻፈ። በ1956 ክሌር ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አድርሶ ለካው። እና ወዳጄ፣ በዚህኛው የተቀየረው ዝግመተ ለውጥ አይደለም፣ ተቃውሞው ነው የወደቀው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ይህ ጥሩ መልስ ነው። ግን ፒልትዳውን የተባለው ቅሪተ አካልስ? በ1912 የሰው ቅድመ አያት ተገኘ ተብሎ ሐሰት መሆኑ የታወቀው በ1953 ነው። 41 ዓመት! ሳይንስ ራሱን ያርማል ስትሉ ይህን አትርሱ።

መምህርቷ፦ አልረሳም፣ አሳፋሪ ነው። የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ነበር፣ ጥርሶቹም ሆን ተብሎ ተሞርደዋል። ብዙዎች ማመን የፈለጉትን አመኑ። ነገር ግን ሌሎች ቅሪተ አካላት በተገኙ ቁጥር ፒልትዳውን ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለ፣ በመጨረሻም በኬሚካል ምርመራ ያጋለጡት ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው።

በተቃራኒው ቲክታሊክ የተባለውን ቅሪተ አካል ተመልከት። ተመራማሪዎቹ ከዓሣ ወደ ባለ አራት እግር የተደረገው ሽግግር በየትኛው ዘመን መውደቅ እንዳለበት አስቀድመው ገመቱ፣ የዚያ ዕድሜ ያለው ዓለት በሰሜን ካናዳ መኖሩን አዩ፣ ለዓመታት በብርድ ሲፈልጉ ከርመው በ2004 አገኙት። 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ቅርፊትና ክንፍ እንደ ዓሣ፣ አንገትና ጠፍጣፋ ራስ እንደ የብስ እንስሳ። የት እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚጠቁም ሐሳብ ይዋልላል ማለት ይከብደኛል።

ሌላ አስተያየት፦ እኔ ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። ዛሬም ያላለቀ ክርክር አለ። ሞቶ ኪሙራ በ1968 በሞለኪውል ደረጃ የሚታየው አብዛኛው ለውጥ በምርጫ ሳይሆን በዕድል የሚሰራጭ ነው አለ። የዕድሉ ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። ይህን ለተማሪ መደበቅ አያስፈልግም።

ጠያቂው፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የኬልቪንን ጉዳይ አላውቅም ነበር፣ ታሪክ ወዳዱ፣ አመሰግናለሁ። «መሰጠት የለበትም» ያልኩትን አንስቻለሁ። ነገር ግን ጄንኪንም ኬልቪንም በክፍል ውስጥ ስማቸው ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም፣ መልሱ ብቻ ነው የተነገረን።

መምህርቷ፦ በዚህ አልከራከርህም። እኔም ሜንዴልን ሳስተምር ከአተሩ ነበር የምጀምረው። ከአሁን በኋላ ከጄንኪን ጥያቄ እጀምራለሁ።