የእንግዳ ማረፊያዬን ፊት በምን ላልብሰው? መብራቱስ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሦስት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ እያስገነባሁ ሲሆን፣ የብሎኬት ሥራው ተጠናቆ የቀረው የውጭ ማጠናቀቂያው ነው። ተቋራጩ ፊቱን በሙሉ በሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ክላዲንግ (ግድግዳ ላይ በሚገጠም ስስ ሰሌዳ) እንዳስለብስና በየመስኮቱ ሥር ቀለም የሚቀያይር መብራት እንዳስገባ ይመክረኛል። ባለቤቴ በበኩሏ፣ ጎንደር ድረስ የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ ትቶት የመጣውን ሕንፃ እዚህ ደግሞ ማየት አይፈልግም ትላለች። ድንጋዩ ደግሞ ወጪው ያስፈራኛል። የምታውቁ ብትመክሩኝ።

መልስ፣ ከአንድ መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ሕንፃውን በሙሉ ድንጋይ ማልበስ አያስፈልግዎትም። የፋሲል ግንብን ልብ ብለው ይመልከቱት፤ ግድግዳው ጠቆር ያለ የአካባቢው ድንጋይ ሆኖ፣ ቀይ ድንጋዩ የገባው በተለይ በበርና በመስኮት ቅስቶች ዙሪያ ነው። እርስዎም ከመሬት እስከ መጀመሪያው መስኮት ደፍ ድረስ ጥርብ ጥቁር ድንጋይ ቢያደርጉ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከመሬት እየነጠረ ግድግዳ የሚያቆሽሸውን ጭቃ ይችልልዎታል። ከዚያ በላይ ያለው ልስንና ገለባማ ኳርትዝ ቀለም ይበቃዋል፤ ቀዩን ድንጋይ ለዋናው በር ብቻ ያቆዩት። ክላዲንጉን የግድ የሚሉ ከሆነ በሁለቱ የአልሙኒየም ንጣፎች መካከል ያለው ምን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ከሆነ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ 72 ሰዎች ባለቁበት የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ እሳቱን በውጭው ግድግዳ ላይ በዋናነት ያዛመተው ይኸው ዓይነት ክላዲንግ ነበር።

መልስ፣ ከአንድ የሕንፃ ባለቤት፦
በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ እባክዎ በጣሪያው ጠርዝ ላይ የሲሚንቶ ጥርስ አያስደርድሩ። ግንብ ለመምሰል ተብሎ የሚሠራ ነገር ከዋናው ግንብ በእግር በሚደረስበት ከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ መናገር አያስፈልገኝም። ሁለተኛው ከራሴ የደረሰ ነው። የአጥሬን ግንብ ድንጋይ አልብሼ አናቱን ሳልከድን ተውኩት፤ ውኃው ከላይ እየገባ ከድንጋዩ ጀርባ ተኛ። በሁለተኛው ክረምት በየመጋጠሚያው ነጭ ጨው ወረደበት፣ ቀጥሎም ሦስት ድንጋዮች በአንድ ሌሊት ተገንጥለው ወደቁ። እኔ ግንበኛውን፣ ግንበኛውም ሲሚንቶውን ስንወቅስ ከረምን፤ ጥፋቱ ግን ክዳኑን ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ያስቀረሁት የእኔው ነበር። ከግድግዳው አልፎ የሚወጣ ክዳንና በቂ አሸንዳ ሳያሠሩ ድንጋይ አይግዙ።

መልስ፣ ከአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦
ቀለም የሚቀያይረውን ለሠርግ አዳራሽ ይተዉላቸው። ለጥቁር ድንጋይ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ይስማማዋል፤ ሰማያዊ ቢጤው ነጭ ብርሃን ድንጋዩን አመድ ያስመስለዋል፣ ነፍሳትንም ይበልጥ ይጠራል። መብራቱን ከግድግዳው ሥር 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቀው ወደ ላይ ቢያዞሩት፣ የጠራቢው መዶሻ ያረፈበት እያንዳንዱ ቦታ ጥላ ጥሎ ይታያል። በተለሰነው ክፍል ላይ ግን ይህን እንዳያደርጉ፤ ቀን የማይታየው የልስን እብጠት ሁሉ ማታ ይጋለጣል። ውኃና አቧራ የመከላከል ደረጃውን አይተው ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው አይፒ 65፣ መሬት ውስጥ ለሚቀበረው አይፒ 67 የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ከሚቀበረውም ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ይሙሉ። ለውጭው መስመር ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ የራሱ የ30 ሚሊአምፔር መከላከያ ብሬከር ይኑረው። ብርሃኑ የተኛ እንግዳ መስኮት ውስጥ እንዳይገባም ከመኝታ ክፍሎቹ ሆነው ማታ ይሞክሩት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ካነበብኩ በኋላ ፕላኑን ዘርግቼ ሳየው ለካ የሲሚንቶ ጥርሱም ተስሎበታል፤ ባለቤቴ ገና ሳልነግራት በእርሳስ ሰርዛዋለች።