«አፈር ስሆን!» የሚል ወዳጅ ፈተና ነው ወይ?

(በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ምእመናን የሰፈር ጉባኤ የተነሣ ክርክር)

አስተባባሪ፦ አንድ ወንድም ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ መጠጥ ከተወ ሦስት ሳምንት ሆነው። ወዳጁ ክፋት የለበትም፤ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ግን «አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ» ይለዋል። ከእንዲህ ያለ ወዳጅ ይራቅ ወይስ አይራቅ?

ዘሚካኤል፦ ይራቅ! 1ኛ ነገሥት 13ን አንብቡ። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ ታዟል። ንጉሡን ኢዮርብዓምን የቤትህን እኩሌታ ብትሰጠኝም አልገባም አለው። ሽማግሌው ነቢይ «እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ» ብሎ ሲጠራው ግን ተመልሶ በላ፤ ሲሄድም አንበሳ መንገድ ላይ ገደለው። ለንጉሥ ያልተሸነፈ ሰው በነቢይ ወንድሙ ግብዣ ወደቀ።

እኅተ ማርያም፦ ሽማግሌው እኮ መልአክ ነገረኝ ብሎ ዋሽቷል። የእኛ ሰው ወዳጅ የሚመስለው ጴጥሮስን ነው። ጴጥሮስ ጌታን ከመከራው ሊያስቀረው የሞከረው ስለሚወደው ነው፤ «ወደ ኋላዬ ሂድ» ተባለ። ማቴዎስ 16 ላይ አትቁሙ፣ 17ንም ግለጡ፦ ከስድስት ቀን በኋላ ያንኑ ጴጥሮስን ይዞት ተራራ ወጣ። ነሐሴ 13 ችቦ አብርተን፣ ሙልሙል ጋግረን የምናከብረው ያንን የተራራውን ቀን ነው። ምክሩ ተገሠጸ እንጂ ሰውየው አልተባረረም።

ዘሚካኤል፦ እሱ ጌታ ነዋ፣ እኅቴ! ይሄኛው ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

አዛውንቱ ከቱሉ ዲምቱ፦ ልጆቼ፣ ስለ መመለሻው ማንም አላነሣም። ወደ እኛ ሰፈር ማታ ታክሲ ይጠፋል። በወዳጁ መኪና የሄደ ሰው የሚነሣው ወዳጁ ሲነሣ ነው፤ አንድ አምቦ ውኃ ይዞ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። በራሱ መሄጃ ይሂድ፣ ሳይመሽ ይመለስ። እምቢታውንም ገበታ ላይ አይጀምረው። ቀን፣ ሁለቱ ብቻ ሳሉ፣ «ትቻለሁ፤ ሰው ፊት አፈር ስሆን አትበለኝ» ይበለው፤ ይበቃል። ምክንያት መደርደር ከጀመረ ለያንዳንዱ መልስ አለ። ለጤናዬ ነው ቢል «አንዷ ምን ታደርግሃለች?» ይባላል። መድኃኒት ጀምሬያለሁ ካለም፣ ውሸት መሆኑ ሳያንስ፣ በሳምንቱ «አልጨረስክም?» ይመጣል።

ዘሚካኤል፦ ተነግሮት ቢቀጥልስ፣ ጋሼ? እርስዎ ምን ይላሉ?

አዛውንቱ ከቱሉ ዲምቱ፦ አንዴ ልማድ ሆኖ ቢያመልጠው አልፈርድበትም። ከደገመው በማቴዎስ 18 ሥርዓት ነው፦ መጀመሪያ ብቻውን፣ ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ጨምሮ። «ለንስሐ አባትህ ግን አትንገር» ያለ ቀን ያኔ እኔም ካንተ ጋር ነኝ፣ ይራቀው።

ነርሷ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። እስከ 48 ሰዓት ድረስም ራሱን ስቶ እየተንፈራገጠ ሊወድቅ ይችላል። ያየው ወዳጅ አዝኖ አንድ መለኪያ አረቄ ይቀዳለታል። መንቀጥቀጡም ቆም ይላል! የቀዳው ሰው ያዳነው ይመስለዋል፤ ሰውየው ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው፤ መድኃኒት አለው። ጠበል ከፈለገም አብሮ ይሂድ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እኅተ ማርያም፦ እኛስ ግን? በማኅበራችን ጽዋ ላይ የሚቀዳው ጠላ ብቻ ነው። ያ ወንድም ቢመጣ በቅዱሱ ስም «አንዴ ቅመስ» የምንለው እኛው ነን። ተረኛው ቤት ብርዝም ያቅርብ።

አስተባባሪ፦ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ እንነግራለን።

ዘሚካኤል፦ በዕለቱ ጠዋት ይበጥበጥ በሉ። ብርዝ ካደረ መፍላት ይጀምራል።